ከፒያሳ ደብረ ሊባኖስ በእግር፦ በየት እንውጣ? የት የት እንደር?

የአራዳ ልጅ (ሐምሌ 24)

ሰላም ለሁላችሁ። ለነሐሴ 24፣ ለጻድቁ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በዓል፣ ከፒያሳ ደብረ ሊባኖስ በእግር ለመሄድ ተነሥተናል። እኔ፣ እናቴና ሁለት ሴት ጓደኞቼ ነን። የስለቱ ባለቤት እናቴ ናት። ዕድሜዋ ስልሳን አልፏል፤ ጉልበቷ ግን ደህና ነው። ኪዳን ለማድረስ ጠዋት ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስ በእግሯ ነው የምትመላለሰው። “በመኪና ሂጂና ተሳለሚ” ስንላት “በእግሬ ነው የተሳልኩት” አለች፤ ሌላ ቃል አልጨመረችም።

መንገዱን በመኪና አውቀዋለሁ። እስከ ገዳሙ መገንጠያ ወደ 104 ኪሎ ሜትር ነው፤ ከመገንጠያው ወደ ታች ደግሞ 4 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። በእግር ሲሆን ግን ምንም የማላውቀው መንገድ ነው። ከከተማ በእንጦጦ በኩል እንውጣ ወይስ በአዲሱ ገበያ? በየትኞቹ ከተሞች እንደር? ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ውስጥ ሴቶችን ያሳድራሉ ወይስ አልቤርጎ መያዝ አለብን? ሄዳችሁ የምታውቁ እባካችሁ ንገሩኝ።

ሰባራ ባቡር (ሐምሌ 24)

እንኳን አሰባችሁ እህቴ። እኔ ይህን መንገድ ከሰፈራችን የጉዞ ማኅበር ጋር እሄደዋለሁ። አንድ ነገር ላስቀድም። ብዙ ሰው “በቀን ስንት ኪሎ ሜትር እንሂድ?” ብሎ ይነሣል፤ ማደሪያውን የሚፈልገው ሲመሽ ነው። እናንተ መጀመሪያ የምታድሩበትን ቁረጡ። የቀኑ ርቀት ከዚያ ይወጣል። በተለይ እናትሽ አብረው ካሉ።

በጎጃም መንገድ ላይ ማደሪያ የምታገኙት ሱሉልታ፣ ጫንጮ፣ ዱበር፣ ሙከጡሪና ደብረ ጽጌ ነው። ከአዲስ አበባ ጫንጮ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሙከጡሪ ወደ 78 ይሆናል። ወጣቶች ከፒያሳ ተነሥተው በአንድ ቀን ጫንጮ ይገባሉ። ለእናንተ ግን አያስፈልግም። የመጀመሪያው ቀን የእንጦጦን ዳገት የምትሻገሩበት ስለሆነ ከሱሉልታ አትለፉ። በማግስቱ ጫንጮ ለመግባት የግማሽ ቀን መንገድ ነው የሚቀራችሁ፤ ያ ዕረፍት ለእግር በጣም ይጠቅማል። ከጫንጮ ሙከጡሪ 38 ኪሎ ሜትር ገደማ አለ። እሱን በአንድ ቀን አትሞክሩት፤ ዱበር ላይ ቁረጡት። ከሙከጡሪ እስከ ገዳሙ የሚቀረውንም ደብረ ጽጌ አድራችሁ ብትከፍሉት የመጨረሻውን ቁልቁለት በደህና ጉልበት ትወርዱታላችሁ።

ስለ አልቤርጎ ደግሞ ልንገርሽ። ሱሉልታና ጫንጮ ላይ አይጠፋም፤ ከርካሹ እስከ ደህናው አለ። ዱበር ትንሽ ከተማ ናት፤ ያለው ክፍል ውስን ነው፤ በዓል ሲቃረብ ቶሎ ይያዛል። ሳምንት ቀደም ብሎ አንዳችሁ በሚኒባስ ሄዳችሁ ክፍሉን አይታችሁ ቀብድ ብትሰጡ ይሻላል። በስልክ ብቻ የተያዘ ክፍል ሲመሽ ለሌላ ሰው ሊሰጥ ይችላል። ክፍል ስታዩ ፍራሹን ገልብጣችሁ ትኋን እዩ፤ በሩ ከውስጥ መቆለፉን አረጋግጡ፤ ከመጠጥ ቤቱ የራቀውን ምረጡ። ጫጫታ ያለበት ቤት ያደረ ሰው በማግስቱ መራመድ ያቅተዋል።

ማኅበረ ጽዮን 16 (ሐምሌ 24)

እግዚአብሔር ያድርሳችሁ። የጻድቁ በረከት ይደርብን። ለእናትሽ ረጅም ዕድሜ ይስጥልሽ።

ባሕታዊ መንገደኛ (ሐምሌ 25)

ይቅርታ አድርጉልኝና ይህ ሁሉ የአልቤርጎ ወሬ ልቤን አልደላውም። አባቶቻችን ቀብድ ከፍለው ነበር ወደ ገዳም የሚሄዱት? በሶ ይዘው፣ ጋቢ ለብሰው፣ በመሸበት “የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ” ብለው ነው የሄዱት። ስለት ሲሆን ደግሞ ድካሙም የስለቱ አካል ነው። ለስላሳ አልጋ ላይ እያደሩ የሚደረግ ጉዞ ሽርሽር ይሆናል።

ዲያቆን ዘአራት ኪሎ (ሐምሌ 25)

ወንድሜ ባሕታዊ፣ ሐሳብህን አከብራለሁ። አንድ ነገር ግን አስታውስ። አባቶቻችን “የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ” ሲሉ “ቤት የእግዚአብሔር ነው” የሚል ሰው በየመንደሩ ነበረ። እንግዳ መቀበል ደንብ ነበር። ባለቤቱ እግር ያጥባል፣ ያለውን ያቀርባል፣ መደቡን ይለቃል። ስለዚህ መንገደኛው ማደሪያ ነበረው፤ የሚያዘጋጅለት አገሩ ነበር። ዛሬ በትልቁ መንገድ ዳር ያለው ኑሮ ሌላ ነው። የማያውቀውን አራት ሰው በምሽት አስገባ ብሎ ድሃ ገበሬን ማስጨነቅ ተገቢ አይመስለኝም። ስልሳ ዓመት ያለፋቸውን እናት ደግሞ በነሐሴ ዝናብ ደጅ ማሳደር ጽድቅ ነው ብሎ የሚያስተምር አባት አላውቅም።

እህቴ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያን ማደሪያ ለጠየቅሽው። ብዙ አጥቢያዎች የሰንበት ትምህርት ቤት ወይም የስብከተ ወንጌል አዳራሽ አላቸው፤ ለበዓል ተሳላሚ ይከፍቱታል። ሴቶች በአንድ ወገን፣ ወንዶች በሌላ ወገን ይተኛሉ። ነገር ግን ከየት እንደመጣችሁ መታወቅ አለበት። ከአጥቢያችሁ ሰበካ ጉባኤ ጽሕፈት ቤት የድጋፍ ደብዳቤ አጽፉ፤ ማኅተም ይኑረው፤ የአራታችሁም ስም ይግባበት። መታወቂያም ያዙ። ስትደርሱ መጀመሪያ ተሳለሙ፤ ከዚያ አስተዳዳሪውን ወይም የዕለቱን ተረኛ አባት ጠይቁ። ከ10 ሰዓት በፊት ድረሱ። ከሠርክ ጸሎት በኋላ አባቶች ወደየቤታቸው ስለሚሄዱ ዘበኛው ብቻውን ሊወስን አይችልም። ስትወጡ ለቤተ ክርስቲያኑ የአቅማችሁን ስጡ፤ አዳራሹንም ጠርጉ።

ምንጣፍና ብርድ ልብስ ግን ከዚያ አትጠብቁ። የሚሰጣችሁ ጣሪያና ወለል ነው።

ባሕታዊ መንገደኛ (ሐምሌ 25)

ዲያቆን፣ ስለ እናታችን ያልከው ልክ ነው። የእኔ ፍርሃት ጉዞው ጸሎት እንዳያጣ ነው። ጠዋት ሳትወጡ ውዳሴ ማርያም አድርሱ፤ መንገድ ላይም ለተወሰነ ሰዓት ዝም ብላችሁ ሂዱ። ይህንን ብቻ አደራ።

የአራዳ ልጅ (ሐምሌ 25)

አደራህን ተቀብያለሁ ወንድሜ። እናቴ ሳነብላት “ይሄ ልጅ ደግ ነው” ብላለች። ዲያቆን፣ ስለ ደብዳቤው እግዜር ይስጥልኝ፤ ነገ አራዳ ጊዮርጊስ ጽሕፈት ቤት እሄዳለሁ። አሁን ከከተማ አወጣጡን ንገሩኝ።

ሽሮ ሜዳ ላይኛው (ሐምሌ 26)

እዚህ ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ እኔ ልመልስ። ከፒያሳ ሁለት መውጫ አለ።

አንዱ በጊዮርጊስ፣ ሰሜን ሆቴል፣ ሰሜን ማዘጋጃ፣ አዲሱ ገበያ አድርጎ የጎጃምን አስፋልት መያዝ ነው። ዳገቱ ቀስ ብሎ ነው የሚወጣው፤ ሻይ ቤትና ሱቅ አያልቅባችሁም። ችግሩ መኪናው ነው። ጭሱና ጥሩምባው ከከተማ እስክትወጡ ይከተላችኋል።

ሌላው በአራት ኪሎ፣ ስድስት ኪሎና ሽሮ ሜዳ አድርጎ እንጦጦ መውጣት ነው። ዳገቱ ከባድ ነው፤ እንጦጦ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 3,200 ሜትር ይደርሳል፤ ትንፋሽ ያሳጥራል። ነገር ግን በእንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በኩል ተሳልማችሁ፣ ላይ ስትደርሱ አፄ ምኒልክ በ1882 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑባትን እንጦጦ ማርያምን ትሳለማላችሁ። ጉዞውን እንዲህ መጀመር ደስ ይላል። ከዚያ በባሕር ዛፉ መሃል ወደ ሱሉልታ የሚወርዱ መንገዶች አሉ።

ነሐሴ ውስጥ ግን ያ ቁልቁለት ጭቃ ነው፤ ቀይ አፈሩ ያንሸራትታል። ጉምም ስለሚወርድ ለማያውቅ ሰው መንገድ ያጠፋል። ንጋት ሳይለይ ጫካ ውስጥ አትግቡ፤ ጅብ አለ። ለእናትሽ ጉልበት እኔ የምመክረው በአዲሱ ገበያ ነው። እንጦጦን የግድ መሳለም ከፈለጋችሁ ከጉዞው ቀደም ብላችሁ፣ ነሐሴ 16 ለፍልሰታ ኪዳነ ምሕረት ወጥታችሁ ተሳለሙ። ለእግርም ልምምድ ይሆናል።

ጡረተኛው መምህር (ሐምሌ 26)

ልጄ፣ እኔ ግን ስድስት ኪሎን አትለፉት እላለሁ። ምክንያቴን ልናገር።

የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው አሁን የዩኒቨርሲቲው ግቢ በሆነው በገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነው። ሐውልቱ ከግቢው ፊት ለፊት አደባባዩ ላይ ቆሟል። ከዚያ በኋላ የአዲስ አበባ ሕዝብ ሲታረድ ሰነበተ። በሦስት ወሩ ደግሞ የኢጣሊያ ፋሺስቶች ለግንቦት 12 የጻድቁ ፍልሰተ ዐፅም በዓል ደብረ ሊባኖስ የተሰበሰቡትን መነኮሳት በመኪና ጭነው ወስደው በማግስቱ ረሸኗቸው። ላጋ ወልዴ በሚባል ቦታ ነው። ግራዚያኒ ራሱ ወደ ሮም ባስተላለፈው ቴሌግራም ያመነው 297 መነኮሳት መግደሉን ነው። የታሪክ ተመራማሪዎች ደግሞ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ እጅግ እንደሚበልጥ አሳይተዋል።

እናንተ ከአራዳ ተነሥታችሁ ወደዚያ ገዳም ስትሄዱ የሁለቱን ቦታ ሰማዕታት የሚያገናኝ መንገድ ላይ ናችሁ። ስለዚህ በአዲሱ ገበያ ብትወጡም እንኳ በዋዜማው ስድስት ኪሎ ሄዳችሁ ሻማ አብሩላቸው። የመንገዱ አቅጣጫ ስለሚያሳስባችሁ ነው የምለው፤ ዙሪያ ጥምጥም እንድትሄዱ አልፈልግም። ግን የምትረግጡትን መሬት ታሪክ እወቁ።

የአራዳ ልጅ (ሐምሌ 26)

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ይህን ጓደኞቼ አያውቁትም ነበር፤ አሁኑኑ ልኬላቸዋለሁ። በዋዜማው እንሄዳለን፤ ቃሌ ነው።

የፍቼ መስመር (ሐምሌ 27)

በዚህ መስመር ሚኒባስ ነው የምሠራው። ከመሪው ጀርባ ሆኜ የማየውን ልንገራችሁ።

ተሳላሚ ብዙ ጊዜ በቀኝ ጠርዝ ነው የሚሄደው፤ መኪና ከኋላው ይመጣበታል። በግራ ሂዱ፤ የሚመጣውን ፊት ለፊት እዩት። ጎን ለጎን አትሁኑ፤ አንዱ ከአንዱ ኋላ ተከታተሉ። ነጭ ነጠላ ከሩቅ ይታያል፤ ጥሩ ነው። ጉም ሲሆንና ዝናብ ሲጥል ግን እሱም አይታይም፤ መንገድ ሠራተኞች የሚለብሱትን አንጸባራቂ ሰደርያ ፊተኛውና ኋለኛው ይልበሱት። ዋጋው ትንሽ ነው፤ መርካቶ ሞልቷል።

ከሱሉልታ እስከ ጫንጮ ያለው ከሁሉም አስጨናቂው ነው። የሲሚንቶ መኪኖቹ ተሳቢ ናቸው፤ በደርባ በኩል ነው የሚመላለሱት። ደርባ የሚገነጠለው ጫንጮ ላይ ስለሆነ ከጫንጮ በኋላ መንገዱ ይተነፍሳል። ስለዚህ ሱሉልታ–ጫንጮን በማለዳ ጨርሱት።

ስለ ጸጥታውም ሳልደብቅ ልናገር። በእነዚህ ዓመታት ይህ መስመር ደህና የሚሆንበትም፣ የማይኬድበትም ጊዜ አለ። ለበዓል ብዙ ሰው ስለሚንቀሳቀስ ይሻላል፤ ግን ከመነሣታችሁ በፊትም በየማደሪያችሁም ጠይቁ። የቤተ ክርስቲያኑን አባቶች፣ ሾፌሮችን፣ ባለ አልቤርጎውን ጠይቁ። ሁሉም “ዛሬ ይቅር” ካሉ ይቅር። ከ11 ሰዓት በኋላ አስፋልት ላይ አትገኙ። ስለቱን ያየ አምላክ ያንን አንድ ምዕራፍ በመኪና ብታልፉት የሚቀየም አይመስለኝም።

ከሳንቲያጎ መልስ (ሐምሌ 27)

የአራት ኪሎ ልጅ ነኝ፤ ስፔን ስኖር የሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላን መንገድ ሄጃለሁ። ሃይማኖቱ ሌላ ነው፤ የእግር ጉዞው ጣጣ ግን ያው ነው። ለእናንተ የሚጠቅመውን ብቻ ልንገር።

ከፈረንሳይ ድንበር የሚነሣው ዋናው መንገድ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግን የጉዞ የምስክር ወረቀት ለማግኘት የመጨረሻውን 100 ኪሎ ሜትር በእግር መሄድ ይበቃል። የእናንተ ጉዞ ከዚያ ይረዝማል። እዚያ የተሳላሚ ማደሪያዎች በየ ጥቂት ኪሎ ሜትሩ አሉ። የማዘጋጃ ቤትና የቤተ ክርስቲያን የሆኑት አብዛኞቹ ቀድሞ ማስያዝ አይቀበሉም፤ ቀድሞ የደረሰ አልጋ ያገኛል፤ አንድ ሌሊት ብቻ ነው የምታድሪው። አንዳንዶቹ ዋጋ የላቸውም፤ ሳጥን ውስጥ የቻልሽውን ትከቻለሽ። ተሳላሚ መሆንሽን የምታሳዪው በየማደሪያው ማኅተም በሚመታበት ደብተር ነው።

ዲያቆን ያለው የሰበካ ጉባኤ ደብዳቤ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ጀርባው ላይ በየአጥቢያው ማኅተም ብታስመቱበት የሚቀጥለው አጥቢያ ያለ ጥርጥር ይቀበላችኋል፤ ለእናትሽም የስለቷ ማስታወሻ ይሆናል። ሌላው የተማርኩት የመነሻ ሰዓት ነው። እዚያ ሁሉም ጎሕ ሲቀድ ይነሣና ከቀኑ 7 ሰዓት ገደማ ማደሪያው ይደርሳል። በነሐሴ ለእኛ አገር ይህ ይበልጥ ይሠራል፤ ዝናቡ የሚመጣው ከሰዓት ነውና። 7 ሰዓት ላይ ጣሪያ ሥር ከሆናችሁ ግማሹ ችግር ተቃልሏል።

እግረ መንገዴን፦ የእኛም ገዳማት መንገድ እንዲህ ምልክትና የታወቀ ማደሪያ ቢኖረው እንዴት ደስ ባለኝ። አጥቢያዎቹ አሉ፤ አዳራሾቹ አሉ፤ ተሳላሚውም አለ። የቀረው የት የት እንዳሉ በአንድ ወረቀት ላይ መጻፍ ነው።

ሰባራ ባቡር (ሐምሌ 27)

ይህን በቁም ነገር እንያዘው። ማኅበራችን በየከተማው የሚያሳድሩ አጥቢያዎችን ዝርዝር ለማዘጋጀት ተነጋግሯል። የአራዳ ልጅ፣ ስትመለሱ ያያችሁትን ጻፉልን።

ውቤ በረሃ (ሐምሌ 28)

ለምን ዝቋላ አቦ አትሄዱም? በአቃቂ፣ ዱከም፣ ቢሾፍቱ ነው። መንገዱ ሜዳ ነው፤ ማደሪያ በየቦታው አለ። ቢሾፍቱ ብቻ ስንት ሆቴል አለ።

ሽሮ ሜዳ ላይኛው (ሐምሌ 28)

ወንድሜ፣ ስለቱ ለተክልዬ ነው፤ በአቦ አይለወጥም። የዝቋላ በዓልም ጥቅምት 5 እና መጋቢት 5 ነው። ለሌላ አንባቢ እንዲጠቅም ግን፦ እስከ ቢሾፍቱ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በአሮጌው መንገድ ነው የሚኬደው፤ ፈጣን መንገዱ ለእግረኛ ክልክል ነው። ከቢሾፍቱ በኋላ ተራራው ሥር ወንበር ማርያም እስክትደርሱ ማደሪያ እንደልብ የለም። ላይ ደግሞ ብርዱ ኃይለኛ ነው፤ ተሳላሚው በድንኳን ነው የሚያድረው።

ሲስተር (ሐምሌ 28)

ነርስ ነኝ። ስለ እግር ማንም አልተናገረም።

አዲስ ጫማ አታድርጉ። ሳምንታት የተሄደበት፣ ጣት የማያጨናንቅ ስኒከር ይበቃል። ሁለት ጥንድ የሱፍ ወይም ወፍራም ካልሲ ያዙ፤ እርጥቡን ቦርሳ ላይ አስጥታችሁ ደረቁን አድርጉ። ጠዋት ጣቶች መሃልና ተረከዝ ላይ ቫዝሊን ቀቡ። ውሃ የሚቋጥረው ቆዳው እርጥብ ሆኖ ሲታሸት ነው። ማቃጠል ሲጀምር ቁሙ፤ “እዚያ ስንደርስ” አትበሉ፤ ወዲያው ፕላስተር ለጥፉበት። የቋጠረውን ልጣጩን አትላጡት።

እናትሽ የደም ግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ከመሄዳችሁ በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ፤ መድኃኒቱ በቦርሳ ሥር አይቀበር፤ ኪሳቸው ይሁን። የፍልሰታ ጾም እስከ ነሐሴ 15 ነው፤ ስለዚህ ጾሙን ጨርሳችሁ ነው የምትነሡት፤ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ረቡዕና ዓርብ ግን መንገድ ላይ ያጋጥማችኋል። እነዚያን ቀኖች አጭሩን መንገድ ስጧቸው። በሶ በማርና ዳቦ ቆሎ ጥሩ ስንቅ ነው፤ ጨውና ስኳር ያለበት የሚበጠበጥ ኦአርኤስም ያዙ፤ ቢቀዘቅዝም ሰውነት ውሃ ያጣል።

ለሴቶቹ አንድ ነገር በግልጽ ልበል። ከመሃላችሁ የወር አበባ የሚመጣባት ካለች ቅጥር ውስጥ አታድርም። ስለዚህ በየከተማው አዳራሽ ቢፈቀድላችሁም የአልቤርጎ ገንዘብ ለየብቻ ያዙ፤ አንዷ ብቻዋን እንዳታድርም ሁለት ሁለት ሁናችሁ አስቡት።

የአራዳ ልጅ (ሐምሌ 28)

ሲስተር፣ ይህን ማንም ደፍሮ አይነግረንም ነበር። እናመሰግናለን። እናቴ የግፊት መድኃኒት ትወስዳለች፤ ሐኪሟ ጋር ቀጠሮ ይዤላታለሁ።

የጫንጮ ሰው (ነሐሴ 1)

ከጫንጮ ነኝ፤ አራት ኪሎ ነው የምሠራው። መጥታችሁ በሰፈሬ ስለምታልፉ ደስ ብሎኛል።

ከሱሉልታ በኋላ ያለው ሜዳ ነሐሴ ውስጥ ውሃ ይተኛበታል። ሳሩ ለምለም ሆኖ ያማልላል፤ አቋራጭ ይመስላል፤ ስትገቡበት ረግረግ ነው። አስፋልቱን አትልቀቁ። አቋራጭ የሚጠቅመው በበጋ ነው። ነፋሱ ደግሞ ዝናብ ሲቀላቀልበት ጃንጥላ ይገለብጣል፤ ጃንጥላውን ተዉትና ራስን የሚሸፍን የዝናብ ልብስ ያዙ። ጋቢያችሁን በፌስታል ጠቅልሉት፤ ጋቢ አንዴ ከራሰ እስከ ገዳሙ አይደርቅም።

ውሻ አለ። የእረኛ ውሾች ናቸው፤ አትሩጡ፤ መቋሚያ ወይም ዱላ መያዝ ይበቃል። ሕዝቡ ኦሮምኛ ተናጋሪ ነው፤ አማርኛም አብዛኛው ይሰማል። “አካም ጅርቱ” ብላችሁ ብትጀምሩ ፊቱ ሁሉ ይፈታል፤ ውሃ ስትፈልጉ “ቢሻን” በሉ፤ ስትሰነባበቱ “ገለቶማ”። እናትሽን ያዩ እናቶች እርጎ ይዘው ቢወጡ አትደነቁ፤ ለተሳላሚ መስጠት በእኛ ዘንድ ትልቅ ነገር ነው። በገንዘብ እንመልስ አትበሉ፤ ይከፋቸዋል። ለልጆቻቸው ደብተር ወይም እስክርቢቶ ስጡ።

ጫንጮ ስትደርሱ ማደሪያ እኔ አፈላልጋለሁ። እዚህ በግል መልእክት ጻፊልኝ።

ጸበልተኛዋ (ነሐሴ 2)

ስለ መድረሻው እኔ ልንገርሽ እህቴ፤ ገዳሙ ጸበል ከርሜ ነበር።

ከዋናው መንገድ ወደ ቀኝ ትታጠፋላችሁ። መገንጠያው አካባቢ መንገዱ የገደሉ አፋፍ ላይ ይወጣል። በተለምዶ የፖርቱጋል ድልድይ የሚባለው የድንጋይ ድልድይ በዚያው አቅራቢያ ነው። ጭላዳ ዝንጀሮዎች አሉ። ምግብ በእጃችሁ አትያዙ፤ የሚያብለጨልጭ ፌስታል ካዩ ይቀርባሉ። ከዚያ እየተጠማዘዘ የሚወርድ ቁልቁለት ነው። ጉልበት የሚያመው ዳገት ላይ ሳይሆን እዚህ ነው፤ እናትሽ መቋሚያ ይያዙ፤ ቀስ ብለው ይውረዱ።

ማደሪያን በተመለከተ፦ በአዘቦት ቀን ለጸበልተኛ የሚከራዩ ክፍሎች በገዳሙ ዙሪያ ይገኛሉ። ለነሐሴ 24 ግን ከሁለት ቀን በፊት ተይዞ ያልቃል። በዋዜማው ለማግኘት ተስፋ አታድርጉ። ብዙው ሰው ድንኳን ይተክላል ወይም ሸራ ወጥሮ ይቀመጣል። እኔ የምለው ሁለት ምርጫ አላችሁ። አንደኛው ነሐሴ 23 በጠዋት ገብታችሁ፣ ተሳልማችሁ፣ ከሰዓት በኋላ አንድ ጥግ ይዛችሁ እናትሽን ማስተኛት ነው። ሌሊቱን ማኅሌት ስለሚቆም የሚተኛ ሰው የለም፤ ስለዚህ የሚያስፈልጋችሁ አልጋ የቀን እንቅልፍ ነው። ሁለተኛው ፍቼ ላይ ክፍል መያዝ ነው፤ ቅርብ ነው፤ ግን በዋዜማው መኪናው ይጨናነቃል፤ ማኅሌቱም ያመልጣችኋል። የመጀመሪያውን ብትመርጡ ደስ ይለኛል።

ወደ ጸበሉ ዋሻ መውጫ መንገድ አለ። እናትሽ እዚያ ለመድረስ ነው የሚሳሉት መሰለኝ። ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው የጸለዩ አባት ናቸውና በእግር መጥቶ እሳቸው ደጅ መቆም የተለየ ስሜት አለው። በበዓሉ ቀን ወረፋው ረጅም ነው። 23 ከሰዓት ውጡ፤ ያኔ ይቀላል።

የእጅ ስልክና ገንዘብ በግፊያው ጠብቁ። ከነጠላ ሥር በሚታሰር ትንሽ ቦርሳ ይሁን።

የአራዳ ልጅ (ነሐሴ 4)

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ከእናቴና ከጓደኞቼ ጋር ተቀምጠን ወስነናል። ነሐሴ 18 ጠዋት ተነሥተን በአዲሱ ገበያ ሱሉልታ እንገባለን። 19 ጫንጮ፣ 20 ዱበር፣ 21 ሙከጡሪ፣ 22 ደብረ ጽጌ፣ 23 ገዳሙ። ደብዳቤው ተጽፏል። ሙከጡሪና ደብረ ጽጌ አዳራሽ እንጠይቃለን፤ ሱሉልታና ዱበር አልቤርጎ እንይዛለን። ቅዳሜ ዱበር ደርሼ እመለሳለሁ።

የቀረኝ አንድ ጥያቄ መመለሻው ነው። እናቴ መልሱን በመኪና ተስማምታለች። ከቅዳሴ በኋላ መኪና እናገኛለን?

የፍቼ መስመር (ነሐሴ 4)

24 ከቅዳሴ በኋላ ሁሉም ሰው በአንድ ጊዜ ነው የሚወጣው። ገዳሙ በር ላይ አትጠብቁ፤ ዋጋውም ይሰቀላል። ታቦቱ ከገባ በኋላ ምሳችሁን በሉ፤ እናትሽ ይረፉ። ከ9 ሰዓት በኋላ ግፊያው ይቀንሳል። ቁልቁለቱን መልሰው በእግር እንዳይወጡት እስከ መገንጠያው የሚያመላልስ መኪና ያዙላቸው። ከመገንጠያው ከፍቼ የሚመጣ ሚኒባስ አይጠፋም። በጣም ከመሸ ግን ደብረ ጽጌ ወይም ፍቼ እደሩና በማግስቱ ኑ፤ በሌሊት አትጓዙ።

ዶሮ ማነቂያ የነበርኩ (ነሐሴ 5)

ሰፈራችን ከፈረሰ ወዲህ ዳር ከተማ ነው የምኖረው፤ ጊዮርጊስ ግን እየመጣሁ እሳለማለሁ። ብቻዬን ስለሆንኩ ይህን ጉዞ ፈርቼው ነበር። ከእናንተ ጋር ብቀላቀል ቅር ይላችኋል? ሴት ነኝ፤ ሃምሳ ዓመቴ ነው።

የአራዳ ልጅ (ነሐሴ 5)

እትዬ፣ እንዴት ቅር ይለናል! እናቴ የዕድሜ እኩያ አገኘሁ ብላ ተደስታለች። ስምዎ ደብዳቤው ላይ እንዲገባ እስከ ነሐሴ 10 መታወቂያዎን ይዘው ጊዮርጊስ ጽሕፈት ቤት ይምጡ፤ እኔ እዚያ እጠብቅዎታለሁ። ነሐሴ 18 ከጠዋቱ 12 ሰዓት በምዕራቡ በር እንገናኛለን። የዝናብ ልብስ፣ ጋቢ በፌስታል፣ የለመዱት ጫማ፣ በሶ። ዱበር ላይ አምስት ሰው የሚይዝ ክፍል እይዛለሁ።